የትንሿ ታንክ ክብደት

የሰው ልጅ ከራሱ የሚገዝፈውን ነገር አሳንሶ የመሥራት ልማዱ ጥንታዊ ነው። እረኛው ልጅ በወንዝ ዳር ጭቃ በሬውን ያበጃል፤ ሠዓሊው ተራራውን በአንድ ክንድ ሸራ ላይ ያሰፍራል፤ የሕንፃ ባለሙያው ገና ያልቆመውን ቤት በወረቀትና በሙጫ አስቀድሞ ያቆማል። ማሳነስ በመሠረቱ አንድን ነገር ዙሪያውን ለማየት፣ አገላብጦ ለመመርመር፣ በመጨረሻም በእጅ ለመያዝ የሚደረግ ጥረት ነው። ይሁን እንጂ የሚያንሰው ነገር የጦር መሣሪያ በሆነ ጊዜ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። በሬውን ያሳነሰ እጅ በሬውን አልበደለም። ሰው የሚገድልበትንና ሰው የሚሞትበትን መሣሪያ አሳንሶ ያሳመረ እጅስ ምን ይባላል?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከሚያስነሡት የእጅ ሥራዎች አንዱ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት የተነደፉትን ታንኮች በፕላስቲክ አሳንሶ መገጣጠም ነው። በጃፓን፣ በአውሮጳና በአሜሪካ ትርፍ ጊዜያቸውን በዚህ ሥራ የሚያሳልፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሣጥኑ ሲከፈት ታንኩ በየክፍሉ ተለያይቶ፣ እንደ ፍሬ ከቅርንጫፍ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ሠሪው እያንዳንዱን ክፍል ቆርጦ ያወጣል፤ ጠርዙን በሞረድ ያስተካክላል፤ በወረንጦ ይዞ፣ ፕላስቲኩን በጥቂቱ አሟሙቶ በሚያዋህድ ማጣበቂያ ይገጥመዋል፤ ክፍተቱን በስቱኮ ይደፍናል፤ ቀለም ይረጫል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ደግሞ አቧራውን፣ ጭቃውን፣ የዘይቱን ጠብታና ዝገቱን በቀጭን ብሩሽ ያክልበታል። አንዲት ታንክ ለመጨረስ ወራት የሚፈጅበት ሰው አለ።

የእነዚህ ታንኮች ታሪክ ከሥራው ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ቲ-54 እ.ኤ.አ. በ1946 በሶቪየት ጦር ተቀባይነት አገኘ። ክብደቱ 36 ቶን ያህል፣ የመድፉ አፍ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር፣ ምድብተኞቹም አራት ነበሩ፤ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ሾፌር። በ1958 ቲ-55፣ በ1961 ባለ 115 ሚሊ ሜትር መድፉ ቲ-62፣ በ1973 ደግሞ አጉራሹን በመሣሪያ ተክቶ በሦስት ሰው የሚንቀሳቀሰው ቲ-72 ተከተሉት። ቲ-54ና ቲ-55 አንድ ላይ ሲቆጠሩ በዓለም ላይ በብዛት ከተመረቱት ታንኮች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ናቸው። በ1956 በቡዳፔስት ጎዳናዎች፣ በ1967ና በ1973 በሲና በረሃ፣ በ1968 በፕራግ አደባባዮች፣ በ1975 በሳይጎን ታይተዋል። እንዲህ በብዙ አገር፣ በብዙ ባንዲራ ሥር ያገለገለ ታንክ ከዚያ በፊት አልነበረም።

የአምሳያዎቹ ታሪክ ግን ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከመጫወቻ ሱቅ ይጀምራል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት፣ አንድ ሠላሳ አምስተኛ (1/35) የተባለው የማሳነስ ልክ የተወለደው በአጋጣሚ ነው። በጃፓን በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በፕላስቲክ ሲሠራ፣ መጠኑን የወሰነው ትንሿ ሞተርና ባትሪዎቹ በሆዱ ውስጥ እንዲገቡለት ብሎ ነበር። ኋላ ሲሰላ ከእውነተኛው ታንክ 35 ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩና ባትሪው ከአብዛኞቹ አምሳያዎች ወጡ፤ ልኩ ግን ጸና። በወለል ላይ እየተንደረደረ ልጆችን ያስቅ የነበረው መጫወቻ፣ በጠረጴዛ ላይ ቆሞ አዋቂዎች የሚያጠኑት ነገር ሆነ።

በዚህ ጥናት ውስጥ የሁሉ የበላይ የሆነው ሕግ ትክክለኛነት ነው። ቲ-55 በየጎኑ አምስት ተሸካሚ ጎማዎች አሉት፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ይሰፋል። ቲ-62ም አምስት አሉት፤ የእርሱ ሰፋፊ ክፍተቶች ግን ወደ ኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ናቸው። መድፉን ተሸክሞ በሚዞረው የቲ-54 ጉልላት አናት ላይ የሚታየው የአየር ማውጫ ጉብታ በቲ-55 ላይ የለም። ይህን ያሳሳተ ሠሪ በሙያ ጓደኞቹ ዘንድ ይታረማል፤ ራሱም ያፍራል። በግማሽ ሚሊ ሜትር የተዛነፈች ብሎን እንቅልፍ የምትነሣው ሰው አይታጣም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለማን፣ ለምንስ የሚከፈል ግብር ነው?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች ሲሰጡ ይሰማል። የመጀመሪያው ፍርድ ነገሩን እንደ ንጹሕ ጨዋታ ያያል። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው፤ ማንንም አልገደለም፤ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ እጅን ያሠለጥናል፤ ከመጠጥ ቤት ያርቃል ይላል። ሁለተኛው ፍርድ ደግሞ ይህን ሥራ የጦርነት ማስዋቢያ አድርጎ ይከስሰዋል። ሰውን ከነነፍሱ የሚጨፈልቀውን መሣሪያ በመደርደሪያ ላይ እንደ አበባ ማስቀመጥ ልብን ያደነድናል፤ ልጁም አባቱ ያሳመረውን ነገር መልካም ነው ብሎ ያድጋል ይላል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ዳሩ ግን ሁለቱም ፍርዶች የሚቸኩሉት አንድ ነገር ሳይመረምሩ ነው። ይኸውም ማሳነስ ከነገሩ ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደሚጥል ነው።

ርዝመት 35 ጊዜ ሲያንስ ክብደት የሚያንሰው 35 ጊዜ ብቻ አይደለም። ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም አብረው ስለሚያንሱ፣ 35 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 42,875 ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ 36 ቶኑ ታንክ በዚያው በብረት ተሠርቶ በዚህ ልክ ቢያንስ የሚመዝነው 840 ግራም ያህል ነው፤ በፕላስቲክ ሲሆን ደግሞ ከዚያም እጅግ ይቀላል። ፊቱን የሚጋርደው 100 ሚሊ ሜትር ብረት ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አምሳያ ማለት መልክን ጠብቆ ክብደትን የጣለ ነገር ነው። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ቢመስልም የሥነ ምግባር ጉዳይም ነው፤ ከመልክ ጋር አብሮ ያልመጣው ክብደት የቶኑ ብቻ አይደለምና።

በቲ-55 ውስጥ ተኳሹና አዛዡ ከመድፉ ግራ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በስተቀኝ ያለው አጉራሽ 30 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን የመድፍ ጥይት ቀና ለማለት በማይመች ጥበት ውስጥ እያነሣ ያጎርሳል። ሾፌሩ ከፊት በስተግራ አለ፤ ከጎኑ ነዳጅና ጥይት ተደርድሯል። ሙቀቱ፣ የናፍጣው ሽታ፣ ጆሮ የሚያደነቁረው ድምፅ፣ በተመታ ጊዜም ነዳጁና ጥይቱ በአንድነት የሚያነሡት እሳት፣ እነዚህ ሁሉ በማሳነስ የሚያንሱ ሳይሆኑ ጨርሰው የሚጠፉ ናቸው። ለ35 የሚካፈል ፍርሃት የለም።

ከዚህም የሚያሳስብ ሌላ ነገር አለ። ሠሪው ታንኩን አዲስ አድርጎ አይተወውም፤ ያስረጀዋል። ቀለሙን ይልጠዋል፤ ያዝገዋል፤ አንዳንዴም ተቃጥሎ በመንገድ ዳር እንደ ቀረ አድርጎ ይሠራዋል። የተቃጠለ ብረት ከዝናብ በኋላ የሚያወጣው ብርቱካንማ ዝገት ለዓይን ያማረ መሆኑ የማይካድ ነው። ግን ያ ዝገት በእውነተኛው ታንክ ላይ የመጣው ከእሳት በኋላ ነው፤ እሳቱም የተነሣው ሰዎች በውስጡ ሳሉ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሥራው አደገኛ ድንበር ላይ ይቆማል። የዝገቱን ኅብር እያጠና የእሳቱን ታሪክ የማይጠይቅ ዓይን፣ ሳያውቀው ከሁለተኛው ፍርድ ክስ ሥር ይወድቃል።

በኢትዮጵያ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ጻድቁ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለቱም ዓይኖቹ ይሣላል፤ ኃጥኡ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የሠዓሊው ብሩሽ መልክ በሚያወጣበት በዚያው ቅጽበት ፍርድ ይሰጣል። ተመልካቹም ፊደል ባይቆጥር እንኳ ከሥዕሉ ውስጥ ማን ማን እንደ ሆነ ይለያል። የፕላስቲኩ ታንክ ግን ሙሉ ፊትም ጎንም የለውም። ወራሪው የተቀመጠበትና ነፃ አውጪው የተቀመጠበት ታንክ በብሎን ቁጥር አይለያዩም። ትክክለኛነት ብቻውን አይፈርድም፤ ፍርዱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ነገር ግን ማሳነስ ክብደትን ሲጥል የሚጠብቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም ንጽጽር ነው። አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሚረዝም ሰው በዚሁ ልክ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከታንኩ አጠገብ ሲቆም ከእውነተኛው ታንክ አጠገብ የቆመውን ያህል ያንሳል፤ የዚያኑ ያህልም ይታያል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1989 በቤጂንግ በቲያንአንመን አደባባይ አቅራቢያ ስሙ በእርግጥ ያልታወቀ አንድ ሰው ተራ በተራ በሚመጡ ታንኮች ፊት ቆሞ አስቁሟቸዋል። ታንኮቹ ታይፕ 59 የተባሉ፣ ቻይና የቲ-54ን ንድፍ ይዛ ያመረተቻቸው ነበሩ። በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ዓለም የሚያስታውሰው ሰውየውን ነው። ታንኩ ትልቅ የሆነው ሰውየው እንዲታይ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን (1946-2015) የአምሳያ ሥራን ወደ ዲዮራማ፣ ማለትም ሰውን፣ መሬትንና ድርጊትን በአንድ ገበታ ላይ ወደሚያሳይ ትዕይንት ካሳደጉት አንዱ ነው። አምስት ሴንቲ ሜትሩ ሰው ወደ ገበታው ሲገባ ታንኩ ብቻውን የሚደነቅ ዕቃ መሆኑ ያበቃል፤ በአንድ ሰው ላይ ወይም ስለ አንድ ሰው የሆነ ነገር ይሆናል።

ለመሆኑ ትክክለኛነት ራሱ ወደዚያ ሰው ሊያደርስ ይችላልን? ከሳይጎን የመጣ አንድ እውነተኛ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1975 የሰሜን ቬትናም ታንኮች የደቡቡን ቤተ መንግሥት በር ጥሰው ሲገቡ የረጅሙ ጦርነት ፍጻሜ ሆነ። ለ20 ዓመት ያህል በሰፊው የሚነገረው፣ ዋናውን በር የጣሰው ቁጥር 843 የተጻፈበት ቲ-54 ነው ተብሎ ነበር። የ843 አዛዥ በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ባንዲራውን የሰቀለ ሰው ስለ ነበረ ታሪኩ ለማመን ይቀል ነበር። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንስዋዝ ደሙልደር በዚያች ዕለት ከግቢው ውስጥ ያነሣችው ፎቶግራፍ በ1995 በቬትናም ሲታይ እውነቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። 843 በጎኑ በር ላይ ተገትሮ ሳለ ዋናውን በር የጣሰው ቁጥር 390 ነበር። 390 ደግሞ ቲ-54 አይደለም፤ በቻይና የተሠራው ታይፕ 59 ነው። አራቱ ምድብተኞቹ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ተራ ኑሮአቸው ተመልሰው ነበር። በ2012 ሁለቱም ታንኮች የቬትናም ብሔራዊ ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ።

ከውጭ ለሚያይ ሰው በ843ና በ390 መካከል ያለው ልዩነት የሦስት አኃዝ ልዩነት ነው። ቲ-54ን ከታይፕ 59 መለየትም የሥራ ፈት ጭንቀት ይመስላል። ዳሩ ግን በዚያች ቁጥር ሥር አራት ሰዎች ነበሩ፤ ቁጥሯ ስትሳሳት አራቱ ከታሪክ ወጡ፤ ቁጥሯ ስትታረም አራቱ ተመለሱ። አምሳያ ሠሪው በጉልላቱ ጎን ላይ የትኛውን ቁጥር እንደሚለጥፍ ሲጠይቅ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም የሚጠይቀው ስለ እነዚያ አራት ሰዎች ነው። የመጀመሪያው ፍርድ «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው» ሲል የዘነጋው ይህን ነው። ሁለተኛው ፍርድም ትክክለኛነትን ሁሉ የመሣሪያ አምልኮ አድርጎ ሲቆጥር ይህንኑ ዘንግቷል።

በሣጥኑ ውስጥ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣጥፎ የሚመጣው የተለጣፊ ምልክቶች ወረቀትም እንዲሁ ሊነበብ ይገባዋል። በአንድ ሣጥን ውስጥ የብዙ አገር ጦር ምልክት መገኘቱ የተለመደ ነው። ሠሪው የፈለገውን መርጦ ይለጥፋል፤ ታንኩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 ወደ ፕራግ የገቡት ታንኮች ለመለያ ነጭ መስመር ተቀብተው ነበር። ያ መስመር ለሠሪው የአንድ ብሩሽ ሥራ ነው፤ ለከተማይቱ ነዋሪ ግን የአንድ ትውልድ ተስፋ የተሰረዘበት መስመር ነው። እስራኤል በ1967 የማረከቻቸውን ቲ-54ና ቲ-55 ቲራን ብላ በራሷ ጦር ውስጥ አሰልፋቸዋለች። ወዳጅና ጠላት በአንዲት ምልክት ይቀያየራሉ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን ከመጽሐፍ የሚነበብ ብቻ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት አስቀድማ የሶማሊያን ጦር በቲ-34፣ በቲ-54ና በቲ-55 አስታጥቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ፊቷን ወደ ኢትዮጵያ ስትመልስ የዚያኑ ዘር ታንኮች ለኢትዮጵያ ሰጠች። ስለዚህ በኦጋዴን ሜዳ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል እስከ ተገኘበት ጊዜና ከዚያም ወዲያ፣ በአንድ አገር የተነደፉ ታንኮች ከሁለት ወገን ተፋጠጡ። ያን ውጊያ በአንድ ገበታ ላይ ሊያሳይ የሚነሣ ሠሪ ከአንድ ዓይነት ሣጥን ሁለት ታንክ ሊሠራ ይችላል። የሚለያቸው ምልክቱና በውስጣቸው የነበረው ሰው ነው። አንደኛው አገሩን ከወራሪ ሊያስመልስ የመጣ ነው፤ ፍትሕ ከማን ጋር እንደ ነበረች ግን ከፕላስቲኩ አይነበብም። በየመንገዱ ዳር ዝጎ የቀረውን ታንክ እያየ ያደገ ሰው ዝገት የቀለም ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

እነዚህ ታንኮች የታሪክ ዕቃ ብቻ ሆነው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሩሲያ በዩክሬን ላይ ሰፊ ወረራ ከከፈተች በኋላ፣ በዚያው ዓመት ቲ-62 ታንኮች፣ በ2023 ደግሞ ቲ-54ና ቲ-55 ከመጋዘን ወጥተው በባቡር ተጭነው ሲሄዱ ታይተዋል። የቲ-54ንና የቲ-55ን አምሳያ ከነሙሉ ውስጣቸው ከሚያመርቱት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ሚኒአርት ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዩክሬን መዲና በኪየቭ ነው። የአንዱ አገር ሰዎች የታንኩን ወንበር ከፕላስቲክ እያወጡ ለዓለም ሲልኩ፣ ያው ወንበር በእውነተኛ ብረት ተሠርቶ ወደ እነርሱው ይጓዛል። ያለፈ ነገር ነው ብሎ በመደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ሰው፣ ያለፈ ነገር ከመደርደሪያ እንዴት እንደሚወርድ ከዚህ ይማራል።

እነዚህ ባለሙሉ ውስጥ አምሳያዎች አንድ አስገራሚ ጠባይ አላቸው። ሠሪው ሞተሩን፣ የጥይቱን መደርደሪያ፣ መሪውን፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ገጥሞ ይቀባል፤ በመጨረሻ ጉልላቱ ሲከደን ከዚያ ሁሉ ሥራ አብዛኛው አይታይም። የማይታየውን መቀባት ሞኝነት ይመስላል፤ በሥራው ውስጥ ካለው ሁሉ የበለጠ የከበረው ግን ይኸው ነው። ሠሪው ለታዳሚ ሳይሆን ለነገሩ ታማኝ መሆኑን በዚህ ይመሰክራል። ወንበሮቹ አሉ፤ ሰዎቹ ግን በብዙዎቹ ሣጥኖች ውስጥ የሉም።

እንግዲህ ትክክለኛነት መብት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ስሕተት የምታስጨንቀው ሰው፣ ያ ነገር በእውነት እንደ ነበረ፣ እንደ ነበረም መታየት እንዳለበት አምኗል። ይህን ካመነ ዘንድ እውነቱን ከብረቱ ላይ ሊያቆመው አይችልም። የጎማውን ክፍተት የቆጠረ፣ ታንኩ የት እንደ ሄደ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ዝገቱን ያጠና፣ እሳቱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ቁጥሩን የለጠፈ፣ በቁጥሩ ሥር ማን እንደ ነበረ፣ በመድፉም ፊት ማን እንደ ቆመ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህን የጠየቀ እጅ ጦርነትን አላስዋበም። ሳይጠይቅ የቀረ ግን፣ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር፣ ከ36 ቶን ውስጥ የተረፈው ጥቂት ግራም ፕላስቲክ ብቻ ነው።